ስም ወጥቶላት የሞተችው ድመታችን

የምኖርባት ከተማ የት እንዳለች ብነግራችሁ የሚጠቅማችሁ ነገር የለም፤ መንገዱም አይመችም። እኔ በዚያች ከተማ ስም ጠሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ገበያው መሃል ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቼ በመዝገብ የተጻፈውን ስም ሁሉ ከላይ እስከ ታች እጠራለሁ፤ ባለስሙም ከየደጃፉ ሆኖ «አቤት» ይላል። አቤት ያለ ሰው አለ ማለት ነው። ሦስቴ ተጠርቶ ዝም ያለ ደግሞ የለም፤ ቢኖርም የለም። አንድ ጊዜ ጉሮሮው የታመመ አንጥረኛ ሳምንቱን ሙሉ የለም ተብሎ ሰንብቷል፤ ማንም ሰላም አላለውም፣ እሱም አልተቀየመም። ድምፄ ጥሩ ነው። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ስም በከተማችን እንደ ልብ አይወጣም። አባቶቻችን ስሞቹን ቆጥረው፣ መዝገብ ላይ አስፍረው፣ «ይበቃል» ብለው አልፈዋል። ስለዚህ ልጅ ሲወለድ ስም የሚያገኘው ሰው ሲሞት ነው። ወረፋው ረጅም በመሆኑ ጺሙን ያጎፈረ፣ ሚስት ያገባ ማሙሽ አለን፤ ልጆቿን የዳረች ሚጣም አለች። ስም የወረሰ ሰው ደግሞ ስሙን ብቻ አይወርስም። የሟቹን ወንበር፣ የሟቹን እድር፣ የሟቹን ጠብ አብሮ ይረከባል፤ ዘመዶቹም እንደ ሟቹ ያዩታል። የጎረቤቴ የጋሽ ድንበሩ የልጅ ልጅ የቅድመ አያቱን ስም በመውረሱ፣ ገና ጥርስ ሳያበቅል አያቱ ከመቀመጫዋ እየተነሳች «አባባ» ትለዋለች። ልጁም ለምዶታል።

ውሻና በሬ በመዝገቡ ጀርባ የራሳቸው ስም አላቸው። ድመት ግን የላትም። ለድመት ስም ማውጣት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ጥያቄ አሁን የምነግራችሁ ነገር እስኪመጣ ድረስ ተነስቶ አያውቅም፤ ብትጠራው ለማይመጣ ፍጥረት ስም ማባከን ነው ይባል ነበር። ሚስቴ ይርገዱ የኛን ድመት «እሷ» ነበር የምትላት። «እሷ በላች?» ስትለኝ ማንን እንደሆነ አውቃለሁ።

ልጅ የለንም። ይርገዱ ታማ አርባ ቀን የተኛች ጊዜ ያቺ ድመት ከእግሯ ስር አልተነሳችም። ለሙቀት ይሁን ለፍቅር እኔ አላውቅም፤ ይርገዱ ለፍቅር ነው ትላለች። ተሽሏት የተነሳች ቀን መጀመሪያ ያበላችው እሷን ነው፣ እኔ ሁለተኛ ነኝ። አልከፋኝም። እኔም ብሆን፣ ሰው ሲሰማ አልልም እንጂ፣ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ በዓይኔ የምፈልገው እሷን ነበር። እንግዲህ የጎተራው አዋጅ የወጣ ቀን ቤታችን ምን እንደመሰለ መገመት አያዳግታችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ጎተራ በአይጥ ተወረረ። ሹማምንቱ መከሩና «ስም የሌላት ድመት ሁሉ የከተማው ናት፤ ወደ ጎተራው ትግባ» ብለው አወጁ። የገቡት ድመቶች ተርበው በደንብ እንዲያድኑ ምግብ እንዳይሰጣቸው፣ እንዳያመልጡም በሩ እንዳይከፈት ታዘዘ። አይጥ ለመግባትም ሆነ ለመውጣት በር አያስፈልጋትም። በመጀመሪያው ወር አርባ ድመቶች ገቡ፤ አንዲትም አልወጣችም። በሁለተኛው ወር የጎተራው ዘበኛ ወንድይፍራው አዲስ ድመት ለመሰብሰብ ጆንያውን ይዞ መዞር ሲጀምር አይጦቹ ይበልጥ ወፍረው ነበር። ሹማምንቱ ይህንን የድመት እጥረት ምልክት ነው ብለው ተረጎሙት።

ድመቱን ማትረፍ ለሚፈልግ ሰው አንድ መንገድ ነበር፤ ስም ያወጣላታል። ነገር ግን አዲስ ስም የወጣለት እንስሳ ሁሉ በስም ፈተና ቀን አደባባይ ቀርቦ፣ ሦስቴ ተጠርቶ መመለስ አለበት። ካልመለሰ ስሙ የሐሰት ነው ይባልና ያው ወደ ጎተራው ነው። ከኛ በፊት ሦስት ሰዎች ሞክረዋል። ሦስቱንም ድመቶች የጠራሁት እኔው ነኝ። አንደኛዋ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ፤ ማየት ግን አቤት ማለት አይደለም ተባለ።

«ስም እናውጣላት» አልኳት ይርገዱን።

«ከወጣላት በኋላስ?»

«ትፈተናለቻ።»

«ስትፈተንስ?»

ጎንበስ ብዬ የምድጃውን እንጨት አስተካከልኩ።

«አየህ አንተ ሰውዬ» አለች፤ «ስም ከሌላት ዛሬ ትሄዳለች። ስም ካላት የዛሬ ሳምንት ትሄዳለች።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ይሁን ግድ የለም። ሳምንትም ቢሆን ሳምንት ነው። ሂድና አውጣላት።»

የስም አዛዡ ቢረሳው ይባላል። ሰውነቱ ቀጭን፣ አንገቱ ሁልጊዜ ትንሽ የተሰበረ ነው። ለአንገቱ መሰበር ምክንያት አለው። አማቱ እሜቴ ደብሪቱ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስማቸውን ግን የሚወርስ ጠፋ። በወረፋ ላይ ያሉት ሚጣዎች አንድ በአንድ ተጠይቀው «ያለ ስም ብንቀር ይሻለናል» ብለዋል። አልፈርድባቸውም። ሴትዮዋ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር ተጣልተው ሲጨርሱ ከወንዙ ጋር የድንበር ክርክር የገጠሙ ናቸው፤ ስሙን የወረሰ ክርክሩንም ይወርሳል። በልማዳችን ስሙ ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ ወጉን የሚጠብቀው አማች ነው። ስለዚህ አዛዥ ቢረሳው ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የሽማግሌዎች ሸንጎ እየሄደ የአማቱን ባዶ ወንበር ይወለውል ነበር። ወልውሎም አይሄድም፤ ሸንጎው እስኪበተን ከወንበሩ ፊት አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። አማች በአማቱ ፊት አይቀመጥም፤ ስሟን አይጠራም፤ ጀርባውን አይሰጣትም።

«ለድመት ስም?» አለኝ ቢሮው ስገባ።

«አዎ ጌታዬ፣ ለድመት።»

መዝገቡን ገለጠ። ጣቱ ወደ ታች ሲወርድ ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ፊቱ በራ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደገና መዝገቡን አየ።

«አንድ አለ» አለ። ስሙን መጥራት ስለማይችል በጣቱ አሳየኝ።

ሳነበው መዝገቡን ወደ እሱ መልሼ ገፋሁት። «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ የ…»

«የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ትወስዳለህ አትወስድም?»

«የወንዙስ ነገር?»

«ከወንዙ ጋር ድመትህ ትከራከር።»

ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ፤ ከዚያም ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ ተመችቶት ሲቀመጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። የፈተናው ሰብሳቢ እሱ ራሱ መሆኑ ለጊዜው ከሐሳቡ ወጥቶ ነበር፤ ከደስታው ብዛት ይመስለኛል። እኔም በሐሳቤ የነበረው ጆንያው ብቻ ነው።

ይርገዱ ስሙን ስትሰማ ድመቷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለች። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ግን አንቱ ማለት ጀመረች። «ይብሉ እሜቴ፣ ትንሽ እንኳ ይቅመሱ» እያለች ስጋውን አድቅቃ ታቀርባለች። ድመቷ በላች። እንደ ወትሮዋ ምድጃው አጠገብ ተኛች። ያን ሳምንት ይርገዱ አጠገቧ እየተቀመጠች ትዳብሳት ነበር፤ እኔም ቀኖቹን እቆጥር ነበር።

የፈተናው ቀን አደባባዩ በሰው ሞላ። መጀመሪያ የቀረበው የጋሽ ድንበሩ ውሻ ነበር፤ አዲስ የወጣለት ስም ጉልቤ ነው። «ጉልቤ» ስል እየሮጠ መጣና አለፈ። ችግሩ ከዚያ በኋላም መምጣቱን አለመተዉ ነው። በሬ ስጠራ መጣ፤ በቅሎ ስጠራ መጣ፤ ጉሮሮዬን ልጠርግ ብዬ ሳልኩ፣ ለሳሌም መጣ። ለአሥራ አንድ ስም አቤት ስላለ በስም ስርቆት ተከሶ፣ የአሥራ አንዱን ባለስሞች ቤት በየተራ እንዲጠብቅ ተፈረደበት። ጋሽ ድንበሩ «ድሮም ሰፈሩን የሚጠብቀው እሱ ነው» ብሎ ይግባኝ ሳይል ቀረ። ቀጥላ የቀረበችው አህያ ስትጠራ ዝም አለችና ሌሎቹ ተጠርተው ሲያበቁ አናፋች፤ መልሱ ለሚመጣው ፈተና ይያዝላት ተባለ።

ከዚያ የኛ ተራ ደረሰ። ይርገዱ ድመቷን በቅርጫት አምጥታ ከአዛዡ ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። ወንድይፍራው የጆንያውን አፍ ከፍቶ ጎኗ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ስጠራ ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ፈራሁ። አልተሰማትም እንዲባል ቀስ ብዬ ብጠራ ሥራዬን አጣለሁ። አሳምሬ ብጠራስ ምን ይለወጣል? ድመት ናት።

«እሜቴ ደብሪቱ» አልኩ።

አዛዥ ቢረሳው ከወንበሩ ተነሳ። አስቦበት አይመስለኝም፤ እግሮቹ ናቸው ያነሱት። ከተነሳ በኋላም ለምን እንደተነሳ ለማስታወስ የሚሞክር ሰው መሰለ። ድመቷ ከቅርጫቱ ወጣች፤ የኋላ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ መላስ ጀመረች።

«እሜቴ ደብሪቱ» አልኩ ሁለተኛ።

አሁን ከጎኑ የተቀመጡት የሸንጎው ሽማግሌዎችም ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። አዛዡ አንገቱን ደፋ። ድመቷ ልሳ ጨረሰችና ሌላውን እግሯን አነሳች።

ለሦስተኛ ጊዜ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጠራሁ፤ ወንዙ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። ድመቷ ተነሳች። ልቤም አብሮ ተነሳ። ዞረችና ጀርባዋን ለአዛዡ ሰጥታ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። ይርገዱ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወንድይፍራው ጆንያውን ይዞ ቀረበ።

«ቁም» አለ አዛዡ።

«ሦስቴ ተጠራች ጌታዬ። አልመለሰችም።»

«ቁም አልኩህ። እጅህን እንዳታሳርፍ በ…»

«በማን ላይ ጌታዬ?»

አዛዡ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ስሟን መጥራት አይችልም። «በድመቷ ላይ» ማለትም አይችልም፤ በገዛ ፊርማው ድመትነቷን ካስቀረ ሳምንት ሆኖታል። «በእሳቸው ላይ» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ከሸንጎው ሴቶች አንጋፋዋ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። «እኔ ከእሜቴ ጋር አርባ ዓመት ተጎራብቻለሁ» አሉ። «በሦስት ጥሪ የመለሱበት ቀን ካለ ምላሴ ይቆረጥ። ይህች ብትመልስ ኖሮ ነበር ሐሰት የሚሆነው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል፤ ይኸው እሜቴም ድመት ሆነው ዓመላቸውን አልረሱም።»

ሸንጎው ተመካከረ። ጸሐፊው መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ተጠርተዋል። እንደ ልማዳቸው አልመለሱም። ማንነታቸው ተረጋግጧል።» ወንድይፍራው ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ሄደ። አንጀቴ ራሰ። ይርገዱ በሰው ፊት እጄን ይዛኝ አታውቅም፤ ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ አለቀቀችኝም።

ደስታችን ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን የአዛዡ ሚስት ወይዘሮ ስንቅነሽ ደጃችን መጣች። የእሜቴ አንድያ ልጅ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፤ የመውለጃዋ ወር ነው። ሁለት ሴቶች ትራስ ያለው ወንበር ተሸክመው ይከተሏታል።

«እናቴን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። «እናት ልጅ እያላት በሰው ቤት አትኖርም።»

ልክ ነች። ሕጉም ከሷ ጋር ነው፣ ልማዱም ከሷ ጋር ነው። ከጆንያው የሚያድን ቢያንስ ፈተና ነበር፤ ከልጅ የሚያድን ግን የለም። ይርገዱ ፊቷ ጠቆረ፤ ከበሩ ግን ዞር አለችላት። ስንቅነሽ ደፉን ተሻግራ ቆመች።

«እማዬ» አለች።

ድመቷ ምድጃው አጠገብ ተኝታለች። ጆሮዋን እንኳ አላነሳችም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።» ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ ይርገዱ ዞረች። «ሰባት ዓመት እንዲህ ነው ያደረገችኝ። እሱን አገባሽ ብላ። ደጇ ቆሜ እጠራታለሁ፤ ውስጥ ስትራመድ ይሰማኛል፤ አትመልስም። የሞተች ቀንም ሄጄ ነበር። ጠራኋት። ዝም ስትል እንደ ልማዷ መሰለኝና ተመልሼ ሄድኩ።»

እኔ ኑሮዬ በዚህ ነው፤ ተጠርቶ ያልመለሰ የለም እያልኩ ሠላሳ ዓመት በልቻለሁ። ያን ጊዜ ግን የት እንደማይ አጣሁ።

ስንቅነሽ እግሯ ደክሟት መስኮቱ ስር፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ወንበሩን ሲያቀርቡላት በእጇ መለሰቻቸው። ብዙ ተናገረች፤ ሁሉንም አልጽፈውም፣ የሷና የእናቷ ነው። ቀስ እያለች ስታወራ ድመቷ ተነሳች፤ ጀርባዋን አጎበጠች፤ ሄዳ የስንቅነሽ ሆድ ላይ ተጠግታ ተኛችና ማንኮራፋት ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ስንቅነሽ የተቀመጠችው ጠዋት ጠዋት የድመቷ የፀሐይ ቦታ ላይ ነበር። ይህንን ግን አልተናገርኩም፤ ይርገዱም አልተናገረችም።

ስንቅነሽና ይርገዱ አለቀሱ። ሲበቃቸው ስንቅነሽ ድመቷን አቅፋ ተነሳች። «በይ እማዬ፣ እንሂድ» አለች። ይርገዱ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልበልሽ» አለች። «የመጣሽው ለይቅርታ ነው፤ አገኘሽ። ይቺን ዛሬ ብትወስጃት ነገ ትጠሪያታለሽ፤ አትመልስልሽም። ያኔ ደግሞ አዲስ ጠብ ይመስልሽና ሌላ ሰባት ዓመት ታለቅሻለሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ስሟን ውሰጂ። ለምትወልጂው ይሁን። ልጅ ሲጠሩት ይመልሳል። እሷን ለኛ ተይልን።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ሌላ የለኝም።»

ስንቅነሽ ሆዷን ያዘች። «ወንድ ከሆነስ?»

«ለድመት የሆነ ስም ለወንድ ያንሳል?»

ስንቅነሽ ሳቀች። ድመቷን ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት፤ እሷም ወደ ፀሐዩ ተመለሰች።

ቀሪው የወረቀት ሥራ ነው። ስም የሚተላለፈው ባለስሙ ሲሞት ብቻ በመሆኑ ድመቷ መሞት ነበረባት። አዛዥ ቢረሳው ነገሩን ሲሰማ ብዕሩን ለመያዝ የቸኮለውን ያህል ለሌላ ነገር ቸኩሎ አያውቅም፤ ፊቷ መቀመጥ የማይችልባትን አማት ሰጥቶ አቅፎ የሚያባብለውን ልጅ ሊቀበል ነው፤ በልማዳችን ሰው ለገዛ ልጁ አማች አይሆንም። ሞቷን ያወጅኩት እኔ ነኝ፤ ገበያው መሃል፣ በሙሉ ድምፄ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ጎረቤት እንደ ወጉ ምግብ ይዞ መጣ፤ አብዛኛውን ስጋ የበላችው ሟቿ ናት። አዛዡም መጣና ከድመቷ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ቀና አድርጎ ግራ ቀኝ አየ። ማንም ምንም ስላላለው እስኪመሽ ድረስ አልተነሳም።

ስንቅነሽ ሴት ልጅ ወለደች። ጠዋት ጠዋት «ደብሪቱ» ስል ከአዛዡ ቤት ለቅሶ ይሰማል፤ እንደ አቤት ይቆጠራል።

ወንድይፍራው ግን ሥራው ነውና ከአንድ ወር በኋላ ጆንያውን ይዞ መጣ። መዝገቡን አይቶ እኛ ቤት ስም ያላት ድመት እንደሌለች አረጋግጧል። ድመቷ ደፉ ላይ ተጋድማ ነበር።

«ስም አላት?» አለ።

«ነበራት» አልኩት።

«አሁንስ?»

«ሞታለች። ሞቷን ስጠራ ሰምተሃል፤ ለቅሶውም ላይ ነበርክ።»

ድመቷን አየ። እሷም አየችው። ጎተራ ለሕያው ድመት ነው፤ ሟችን በጆንያ ማስገባት ደግሞ በየትኛውም ሕጋችን ነውር ነው። ወንድይፍራው ጆንያውን አጣጠፈ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ጅራቷን እንዳይረግጥ እግሩን ከፍ አድርጎ ተራምዷት ሄደ።

ይርገዱ በሩን ዘጋችው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን፤ መሃል ላይ እሷ አለቀሰች፣ እኔም ትንሽ። ድመቷ ጩኸታችን ስላልተመቻት በመስኮቱ ወጥታ ሄደች። አልጠራናትም። ለእራት ራሷ ትመጣለች።